«ራሴን አልሳትኩም እኮ፣ ቅዳሜ ልጫወት?»

ጥያቄው፦ «ሰላም ዶክተር። ድሬዳዋ የ3ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። እሁድ አመሻሽ ላይ የዲፓርትመንት ዋንጫ ስንጫወት ኮርነር ተሻማና በቴስታ ለመግጨት ስዘል ከራሳችን ተከላካይ ጋር ግንባር ለግንባር ተላተምን። ወደቅኩ፣ ግን ራሴን አልሳትኩም። ውሃ አፈሰሱብኝና ተነስቼ ጨዋታውን ጨረስኩ። 2 ለ 1 አሸንፈናል፤ ሁለተኛዋን ጎል ያቀበልከው አንተ ነህ ይሉኛል። እኔ ግን ትዝ አይለኝም። ማታ አንዴ አስመለሰኝ። ልጆቹ እንዳትተኛ ብለው እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት አስቀመጡኝ። ዛሬ ረቡዕ ነው። ራሴን ያመኛል፤ ካፌ ውስጥ የሳህን ድምፅ ያስጠላኛል፤ ሳነብ መስመሩ ይጠፋብኛል። ጫት ስቅም ግን ይለቀኛል። ሲቲ ስካን ልነሳ ወይ? ቅዳሜ ግማሽ ፍጻሜ አለን፤ ሰኞ ደግሞ ሚድ ይጀምራል። መጫወት እችላለሁ?»

ወንድሜ፣ ከመጨረሻው ልነሳ። ቅዳሜ አትጫወትም። የሚቀጥለው ቅዳሜም ገና የሚታይ ነው። ዘርዘር አድርጌ የምጽፍልህ «ዶክተሩ ከለከለኝ» ብቻ ብለህ ከሄድክ ካፒቴናችሁ እስከ አርብ ማታ እንደሚያሳምንህ ስለማውቅ ነው። ደግሞ ይሄ ጽሑፍ ምርመራ አይደለም። ዛሬውኑ ወደ ግቢያችሁ ክሊኒክ ሂድ። ብቻህን እንዳትሄድ፤ እሁድ ስትወድቅ ያየህን አንድ ልጅ ይዘህ ሂድ። ለሐኪሙ ካንተ ይልቅ እሱ ብዙ ይነግረዋል።

የጻፍከው ሁሉ ኮንከሽንን ነው የሚመስለው፤ የአንጎል መናወጥ የምንለውን። በኳስ ተጎድተው ድንገተኛ ክፍል ከሚመጡ ወጣቶች አፍ የማይጠፋ አንድ አባባል አለ፤ «ራሴን አልሳትኩም»። እንደ ማረጋገጫ ነው የሚናገሩት። አልሳትኩም፣ ስለዚህ ደህና ነኝ። ግን ኮንከሽን ካጋጠማቸው ሰዎች አብዛኞቹ፣ ከ10 ሰው 9ኙ ያህል፣ ራሳቸውን አይስቱም። ይወድቃሉ፣ ይነሳሉ፣ አቧራቸውን አራግፈው ይጫወታሉ።

አንተ ከጻፍከው ውስጥ እኔን ቀጥ ያደረገኝ የጎሏ ነገር ነው። እግርህ ሮጧል፤ ዓይንህ ጓደኛህን አይቷል፤ ኳሷም ደርሳለች። አንጎልህ ግን ከዚያ ሁሉ አንዱንም አልመዘገበም። ዳር የቆሙት ልጆች ደግሞ «ተሻለው፣ እንዲያውም አሲስት አደረገ!» ብለው ጨፍረዋል። በልምምድ የገባ ነገር፣ እንደ መሮጥና ማቀበል ያለው፣ ሰው ደንግዞም ሊሰራው ይችላል። ስለዚህ በደንብ መጫወትህ ደህና ለመሆንህ ምስክር አይሆንም።

ምን ሆኖ ነው ካልከኝ፦ ጭንቅላት በኃይል ሲናወጥ የነርቭ ሴሎች ይለጠጣሉ። ውስጥ መቆየት የነበረበት ፖታሲየም ይወጣል፤ ውጭ መቆየት የነበረበት ካልሲየም ይገባል። ሴሎቹ ያንን ወደ ቦታው ለመመለስ ብዙ ጉልበት ይፈልጋሉ፤ ጉልበቱ የሚመጣው ደግሞ ከስኳር ነው። በዚያው ሰዓት ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ቀነስ ይላል። ፍላጎቱ ጨምሮ አቅርቦቱ ቀነሰ ማለት ነው። በግንቦት ሙቀት የድሬ መብራት ሲዳከም ፋኑም ፍሪጁም አብረው መስራት እንደሚያቅታቸው በለው። ፋኑ አልተበላሸም፤ ኃይል ነው ያጠረው። ስታነብ መስመሩ የሚጠፋብህና የካፌው ሳህን ጆሮህ ውስጥ የሚጮኸው ለዚህ ነው። የዶርም ልጆች ሰሞኑን «ነጭናጫ ሆነሃል» ብለውህ ከሆነም ከዚሁ ሊሆን ይችላል። እንቅልፍ መዛባት፣ ማዞር፣ ብርሃን መጥላት፣ ያለ ምክንያት ሆድ መባስ፣ ሁሉም የሚመጡት ከዚህ ነው። አንዳንዱ ምልክት ያኔውኑ አይታይም፤ በማግስቱ ወይም በሦስተኛው ቀን ብቅ ይላል።

በነገራችን ላይ «ሙቀቱ ነው» የሚልህ ሰው አይጠፋም። ድሬ ላይ ነህና ሊሆንም ይችላል፤ ከሰዓት ኳስ ተጫውቶ ራሱን የማያመው ማን አለ? ግን የሙቀትና የውሃ ጥም ራስ ምታት ውሃና ጥላ ሲያገኝ በአብዛኛው ይረግባል። እስከ ረቡዕ አይቆይም፤ ያቀበልካትን ጎልም ከትዝታህ አያጠፋም።

አሁን ወደ ሲቲ ስካኑ። ሲቲ የሚያሳየው ደም መፍሰስን፣ የአጥንት ስብራትንና እብጠትን ነው። ከላይ የነገርኩህን የጉልበት ማጠር አያሳይም። ስለዚህ ኮንከሽን ብቻ ያለበት ሰው ሲቲው ንጹህ ነው። የሚያሳስበኝ ቤተሰብ የላከው ብር መውጣቱ ብቻ አይደለም። «ኖርማል» የሚል ወረቀት ይዞ ከሆስፒታል በቀጥታ ወደ ሜዳ የሚሄድ ልጅ ነው። ሲቲ ያስፈልግህ እንደሆነ የሚወስነው በአካል የሚያይህ ሐኪም ነው። አንዴ ማስመለስ ብቻውን አያስሮጥም፤ ከተደጋገመ ግን ሌላ ነገር ነው።

ክሊኒክ ሳትል፣ እስኪነጋ ሳትል በቀጥታ ሆስፒታል የሚያስኬዱ ምልክቶች አሉ። እነዚህን ለዶርም ጓደኛህም አስነብበው፤ ምክንያቱም ሲመጡ አንተ ላታውቃቸው ትችላለህ። ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ ማስመለሱ ከተደጋገመ፣ ከእንቅልፍ መንቃት ካቃተህ ወይም ንግግርህ ከተምታታ፣ የሚጥል ነገር ከመጣ፣ አንድ እጅ ወይም እግር ከደከመ ወይም ከደነዘዘ፣ አንዱ የዓይን ብሌን ከሌላው ከሰፋ፣ ነገር ሁለት ሁለት ሆኖ ከታየህ፣ ከአፍንጫህ ወይም ከጆሮህ ደም ወይም እንደ ውሃ የጠራ ፈሳሽ ከወረደ። ድሬ ውስጥ ድል ጮራ ሆስፒታል አለላችሁ፤ ከዚያ ያለፈ ካስፈለገ ሐረር ሕይወት ፋና ሪፈር ሊጻፍልህ ይችላል። ለሌላ ጊዜም ይሁናችሁ፣ አንድ ሰው ሜዳ ላይ ወድቆ አንገቴን ካለ ወይም እግሩን ማንቀሳቀስ ካቃተው አንስታችሁ ባጃጅ ውስጥ እንዳትከቱት። ባለበት ይቆይ፤ አንገቱ አይነቃነቅ፤ አምቡላንስ ጥሩ።

ልጆቹ እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ስላስቀመጡህ አመስግናቸው፤ ያደረጉት ስለሚወዱህ ነው። ግን እንቅልፍ መከልከል አያስፈልግም። ዋናው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ሰው ብቻውን አለመሆኑና በጊዜ መታየቱ ነው። አደገኛ ምልክት የሌለበት ሰው ይተኛ። አብሮት የሚያድር ሰው አንድ ሁለቴ ቢያየው፣ ሲቀሰቅሰው ነቅቶ ስሙ ሲጠራ መልስ ከሰጠ ይበቃል። እንቅልፍ ለዚህ ሕመም ከምንሰጠው ከማንኛውም ክኒን ይበልጣል።

ስለ ክኒን ካነሳን፣ ለራስ ምታቱ ፓራሲታሞል ይበቃሃል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት አስፕሪን፣ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ባይወሰዱ ይመረጣል፤ ውስጥ የሚደማ ነገር ካለ ያብሱታል የሚል ስጋት አለ። ትራማዶል የሚሰጥህ ጓደኛ ካለ እምቢ በለው። እንቅልፍ ያመጣል፣ ምልክት ይሸፍናል፣ የሚጥል ነገርም ሊቀሰቅስ ይችላል። ፓራሲታሞሉንም ቢሆን ሳምንት ሙሉ በየቀኑ አትዋጠው፤ መድኃኒቱ ራሱ ራስ ምታት ያስለምዳል።

«ጫት ስቅም ይለቀኛል» ያልከውን ስላልደበቅከኝ ደስ ብሎኛል። ብዙዎቹ ይደብቃሉ፤ እኛም ሳናውቅ እንለፋለን። ድሬ ተቀምጬ ስለ ጫት ስብከት አልጀምርም፤ አቦ ተወን ትሉኛላችሁ። ግን ያንተ ነገር ለየት ይላል። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባል ንጥረ ነገር የአምፌታሚን፣ የአነቃቂው መድኃኒት፣ ዘመድ ነው። ልብ ያስመታል፣ የደም ግፊት ከፍ ያደርጋል፣ ድካምንና ረሃብን ያስረሳል፣ እንቅልፍ ይነሳል። አሁን የነገርኩህን አስበው። አንጎልህ ጉልበት አጥሮታል፤ የሚፈልገው እንቅልፍና ምግብ ነው። በርጫ ላይ ስትቀመጥ ሁለቱንም ነው የምታስቀርበት።

የባሰው ግን ሌላው ነው። ምርቃናው ምልክቱን ይሸፍንብሃል። ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ ዓለም ጥርት ብላ ትታይሃለች፤ ራስ ምታት የለም፤ ቅዳሜ ሦስት ጎል የምታገባ ይመስልሃል። ለካፒቴኑ «ደህና ነኝ» የሚል ቴክስት የሚላከውም በዚያ ሰዓት ነው። ምርቃናው ሲወርድ ራስ ምታቱ፣ ድብርቱና መነጫነጩ ተመልሰው ይመጣሉ። ያኔ የቱ የጫት፣ የቱ የኮንከሽን እንደሆነ ለእኛም ለመለየት ያስቸግራል። ስለዚህ ተሽሎህ እንደሆነ ማወቅ ከፈለግክ ራስህን የምትጠይቀው ጠዋት፣ ሳትቅም ነው። ምልክቶቹ እስኪጠፉ ተወው። የዘወትር ቃሚ ከሆንክ ስታቆም ለጥቂት ቀናት መደበትና እንቅልፍ ማብዛት ይኖራል፤ ለሐኪሙ ንገረው፣ እንዳይደናገር። ጨብሲማ፣ ማለትም ምርቃናውን በመጠጥ መስበር፣ ጭራሽ አይታሰብም። አልኮል የተናወጠ አንጎል ቶሎ እንዳያገግም ያደርጋል፤ ሌሊት ብትደክም «ሰክሮ ነው» ተብለህ እንድትተኛም ያደርግሃል።

አሁን ቅዳሜን እናንሳ። አንጎልህ ሳያገግም ሁለተኛ ምት ቢያርፍበት ምልክቶቹ ይብሳሉ፤ በሁለት ሳምንት ያልቅ የነበረው ወራት ሊፈጅ ይችላል። አልፎ አልፎ ደግሞ፣ በተለይ በወጣቶች ላይ፣ ሁለተኛው ምት ቀላል ቢሆን እንኳ አንጎል በድንገት ያብጥና ሰው ይሞታል። ይሄ በጣም ጥቂት ጊዜ የሚያጋጥም ነገር ነው፤ ላስፈራራህ አልፈልግም። ካጋጠመ ግን ማዳን ይከብዳል። ከዚህ ይልቅ ዘወትር የምናየው ሌላ ነው። ከኮንከሽን ቶሎ የተመለሰ ተጫዋች ጉልበቱን ወይም ቁርጭምጭሚቱን ይጎዳል። ምላሹ በትንሹ ዘግይቷል፤ ኳሷን ያያታል፣ እግሩ ግን ትንሽ ቆይቶ ነው የሚደርሰው።

«ግን እኔ ራሴን አውቀዋለሁ» ትለኝ ይሆናል። የ2014ቱን የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ያየ የጀርመኑን ክሪስቶፍ ክራመርን ያስታውሳል። በመጀመሪያው አጋማሽ ከአርጀንቲናው ጋራይ ትከሻ ጋር ተላተመ። ተነስቶ ቀጠለ። ቆይቶ ዳኛውን ይሄ ጨዋታ ፍጻሜው እንደሆነ ጠየቀው። የወጣው በ31ኛው ደቂቃ ላይ ነው። በዚያ ሜዳ ዳር በዓለም አሉ የተባሉ ሐኪሞች ነበሩ፤ ልጁ ግን ስለሚሮጥ ብቻ ደቂቃዎች አለፉ። ፍጻሜ ላይ መሆኑን ያላወቀ ሰው ደህና መሆኑን ሊያውቅ አይችልም። ደህና መሆንህን የሚመዝነው ዕቃ ነው የተመታው።

ስለዚህ ጉዳዩ የጓደኛ ነው። ስፖርት ሐኪሞች ሜዳ ላይ የሚጠይቋቸው ቀላል ጥያቄዎች አሉ፤ ማንም ሊጠይቃቸው ይችላል። የት ሜዳ ላይ ነን? ስንተኛው አጋማሽ ነው? መጨረሻ ማን አገባ? ባለፈው ከማን ጋር ተጫወታችሁ? አሸነፋችሁ? «ስምህ ማነው» ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም፤ ስሙን የማያጣ ብዙ ነው። ክሊኒክ ስትሄድ ደግሞ ወራትን ወደ ኋላ እንድትቆጥር ሊጠይቁህ ይችላሉ። ዛሬ ማታ ከዶርም ጓደኛህ ጋር ሞክራት፤ ከጳጉሜን ወደ መስከረም። ድንገት ግንቦት ላይ ቆመህ ጣሪያ ጣሪያ ካየህ ለሐኪሙ ንገር። ግን መልሱን ሁሉ በትክክል መመለስም ነጻ አያወጣም። ከራስ ግጭት በኋላ አንድ ምልክት እንኳ ካለ ያ ሰው ይወጣል፣ በዚያ ቀን አይመለስም።

እዚህ ላይ ለውድድር አዘጋጆቻችሁ አንድ ነገር ልበል። ልጆች የማይወጡት ጀግንነት ስለያዛቸው ብቻ አይመስለኝም። ቅያሪ አልቆ ቡድኑ በ10 ሰው እንዳይቀር ፈርተው ነው። የእግር ኳስ ሕግ አውጪው አካል ይሄን አይቶ ከ2024 ጀምሮ ውድድሮች ለኮንከሽን ተብሎ ተጨማሪ ቅያሪ እንዲፈቅዱ አማራጭ ሰጥቷል። ለዲፓርትመንት ዋንጫ ደግሞ የማንንም ፈቃድ አትጠብቁም። ቅዳሜ ከጨዋታው በፊት ሁለቱ ካፒቴኖችና ዳኛው «ራሱን የተመታ ከቅያሪ ቁጥር ውጭ ይቀየራል፣ ተመልሶ አይገባም» ብለው ቢስማሙ አለቀ። ውሃ ማፍሰስ፣ ሎሚ ማሽተት፣ «ተነስ፣ ምንም አይልህም» ማለት የዚያኔ ይቀንሳል። ሴቶቹም አይረሱ፤ ተመሳሳይ ስፖርት በሚጫወቱ ወንዶችና ሴቶች መካከል ሲታይ ኮንከሽን ሴቶች ላይ ይበዛል፣ ቶሎም አይለቅም። ቅርጫት ኳስ ለሚጫወቱትም ሜዳው ሲሚንቶ ነው፤ ክርንም አለ።

አንተ እንዴት ትመለሳለህ? ድሮ ጨለማ ክፍል ውስጥ ተኛ ይባል ነበር፤ ቀርቷል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ቀለል ያለ ዕረፍት ነው፤ ስልክም መቀነስ አለበት፣ ቲክቶክ ጭምር። ያንተ ሁለት ቀን አልፏል። ከዛሬ ጀምሮ ሐኪሙ ካልከለከለህ ጸሐይ በረድ ስትል ከግቢ ወጥተህ ቀስ ብለህ ተራመድ። ራስ ምታቱ ትንሽ ቢነሳ ችግር የለም፤ በጣም ከጨመረ ግን አቁመህ ለነገ ተወው። መራመዱ ካልከበደህ ቀለል ያለ ሩጫ፤ ከዚያ ብቻህን ፍጥነትና አቅጣጫ እየቀየርክ መሮጥ። ኳስ ይዘህ ከቡድኑ ጋር፣ ግን ያለ ንክኪ፣ የምትለማመደው ምልክቶቹ ሙሉ በሙሉ ሲጠፉ ነው። ከዚያ ሐኪም አይቶህ ሙሉ ልምምድ፤ መጨረሻ ላይ ጨዋታ። በእያንዳንዱ እርከን ቢያንስ አንድ ቀን ትቆያለህ። ምልክት ከተመለሰ አንድ ወደ ኋላ። አብዛኛው ሰው ሁለት ሳምንት ገደማ ውስጥ ምልክቱ ይለቀዋል፤ አንዳንዱ ወር ይፈጅበታል። ቴስታ የመጨረሻው ነገር ይሁን። ኳሷ ራሷ ብዙም አይደለችም፤ ኮንከሽን የሚያመጣው በአብዛኛው አየር ላይ የሚያገኝህ የሌላ ሰው ራስ ወይም ክርን ነው።

ሚዱ ከኳሱ ይበልጥ ያሳስበኛል፤ እሱን አንተ ብቻህን አትወስንምና። ማንበብ አልከለክልህም። 15 ወይም 20 ደቂቃ አንብብ፣ ዓይንህን ጨፍነህ እረፍ፣ እንደገና ጀምር። በወረቀት የታተመ ሃንድአውት ከስልክ ይሻላል። ሌሊቱን ሙሉ ማጥናት፣ ጨፌ የምትሉት፣ የለም። እስከ አርብ አንድ ገጽ ያለ ራስ ምታት ካልተነበበልህ ግን ሰኞ መቀመጥህ ውጤትህን ከመጉዳት ውጭ የሚጠቅምህ የለም። ስለዚህ ዛሬ ክሊኒክ ስትሄድ የተጻፈ የሕክምና ማስረጃ ጠይቅ፤ ይዘኸው ፈተናው ሳይደርስ መምህርህንና የዲፓርትመንት ኃላፊውን አናግር። ከፈተና በኋላ የሚመጣ ወረቀት ሰበብ ነው የሚመስለው። እጅህ አልተሰበረ፣ ራስህ አልታሸገ፤ ደህና ትመስላለህና መጀመሪያ ላይ ላያምኑህ ይችላሉ።

አንድ የቀረኝ ነገር፦ ግንባር ለግንባር ነው የተላተማችሁት ብለሃል። ተከላካዩስ? ስለ እሱ አንድ ቃል አልጻፍክም። እሱም ጨዋታውን ጨርሶ፣ ማታ አጠገብህ ቁጭ ብሎ እንቅልፍ ሲከለክልህ አምሽቶ ይሆናል። ዛሬ ይዘኸው የምትሄደው ልጅ እሱ ይሁን፤ ሁለታችሁም ታዩ።